የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፡- በራስ ጥረት እንዴት እንዘጋጅ?



በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ልጅ ኮሌጅ ለመጨረስ ሲቃረብ «ቀጥሎስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አባት ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን ይመኛሉ። እናት ቶሎ ሥራ ይዞ ቢደላደል ይወዳሉ። ልጁ ግን «ሕግ መማር እፈልጋለሁ» ይላል። በዚህ ጊዜ ነው «ኤልሳት» የሚባለው ፈተና ስም በቤቱ ውስጥ መሰማት የሚጀምረው። የፈተናው ስም ሲነሳ ደግሞ የገንዘብ ነገር አብሮ ይመጣል። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡ ድርጅቶች የሚጠይቁት ክፍያ ከፍተኛ በመሆኑ፣ በታክሲ ሥራ ወይም በመኪና ማቆሚያ ቤት ተቀጥሮ ለሚያድር ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። በመሆኑም ብዙ ወጣቶች «ይህ የሀብታም ልጆች መንገድ ነው» ብለው ገና ከመነሻው ይተዉታል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ፈተና በቤት ተቀምጦ፣ በራስ ጥረት ሊሠራ የሚችል ፈተና ነው። ሆኖም ራስን በራስ ማስተማር ማለት ብዙ ጥያቄ መሥራት ማለት ብቻ አይደለም። ውጤትን ከፍ የሚያደርገው የተሠራው ጥያቄ ብዛት ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ስህተት ላይ ተመልሶ መቀመጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን እንወቀው

በአገራችን ሕግ የሚማር ወጣት የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ፣ ቀድሞ ሌላ ዲግሪ ሳይይዝ ሕግ ይማራል። በአሜሪካ ግን አይደለም። እዚያ መጀመሪያ በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ይወሰዳል። ሦስት ዓመት የሚፈጀው የሕግ ትምህርት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ኤልሳት በሁለቱ መካከል የቆመ በር ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ተምሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና አይጠየቅም። ፈተናው የሚመለከተው የሦስቱን ዓመት ትምህርት ከመሠረቱ ለሚጀምሩት ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው የሕግ ትምህርት ቤቶች ቅበላ ምክር ቤት ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከ2016 ወዲህ «ጂ አር ኢ» የተባለውን ሌላ ፈተና የሚቀበሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ቁጥራቸው ቢጨምርም፣ ኤልሳት ዛሬም ዋነኛው መግቢያ ነው።

ፈተናው እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ የሚወስዱ አራት ክፍሎች አሉት። ሦስቱ ውጤት ይያዝባቸዋል። አራተኛው ምክር ቤቱ ለወደፊት የሚጠቀምባቸውን ጥያቄዎች የሚሞክርበት ስለሆነ ውጤት አይያዝበትም። ነገር ግን ተፈታኙ የትኛው ክፍል ሙከራ እንደሆነ ስለማያውቅ አራቱንም በእኩል ትጋት መሥራት ይኖርበታል። ውጤት ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ የክርክር ምዘና፣ አንዱ ደግሞ አንብቦ መረዳት ናቸው። ከዚህ ሌላ በተለየ ጊዜ የሚሠራ የጽሑፍ ክፍል አለ። ቁጥራዊ ውጤት ባይሰጠውም ለትምህርት ቤቶቹ ይላካል።

ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ባለው ልኬት ይገለጻል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ጊዜ ቢያልቅ እንኳ አንድም ጥያቄ ባዶ መተው አይገባም።

እዚህ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ለሚገዙ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቀደም ሲል ፈተናው በተለምዶ «የአመክንዮ ጨዋታ» የሚባል ክፍል ነበረው። ሰባት ሰዎች በሰባት ወንበሮች ላይ በተሰጡት ደንቦች መሠረት እንዴት እንደሚቀመጡ የሚጠይቅ ዓይነት ነበር። ይህን ጥያቄ ለመሥራት ተፈታኞች በወረቀት ላይ ንድፍ ይሥሉ ነበር። አንጄሎ ቢኖ የተባለ በሕግ ዓይነ ስውር የሆነ የሚቺጋን ሰው ይህ አሠራር ማየት ለተሳናቸው ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ በ2019 በስምምነት አለቀ፤ ክፍሉም ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጣ። ከዚያ በፊት የታተሙ መጻሕፍት ለሌሎቹ ክፍሎች አሁንም ይጠቅማሉ። በጨዋታው ምዕራፍ ላይ ግን ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ፈተናው የማይጠይቀው ነገር

ብዙዎች የሕግ ትምህርት ቤት ፈተና ሲባል ሕግ የሚጠየቅ ይመስላቸዋል። የአንቀጽ ቁጥር፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የታሪክ ቀን አይጠየቅም። ለመልሱ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በጥያቄው ውስጥ ተጽፏል። የሚጠየቀው የተጻፈውን በትክክል አንብቦ፣ ከእርሱ ምን እንደሚከተልና ምን እንደማይከተል መለየት ነው።

ይህ ለእኛ ልጆች ቀላል አይደለም። በቁርኣን ቤትም ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች በቃል በመያዝ ረገድ ጎበዞች ነን። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም ኤልሳት ላይ በቃል የያዝነው ነገር አይጠቅመንም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይጎዳናል። ስለ አንድ ጉዳይ ከውጭ የምናውቀውን ይዘን ስንገባ፣ ጽሑፉ ያላለውን ብሏል ብለን እንመልሳለን።

ይሁንና ከዚያው ከመድረሳ ሕይወት የሚጠቅም ሌላ ልማድ አለ። በወሎ ሐሪማዎች ኪታብ የሚቀራ ደረሳ ሸኹ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሙጣለዓ ያደርጋል፤ ማለትም የሚቀራውን ክፍል ቀድሞ ለብቻው ይመረምራል። ከሸኹ ዘንድ ሲቀርብ የአንዲት ቃል መጨረሻ ከተሳሳተ ይቆማል፤ ለምን እንደተሳሳተም ይጠየቃል። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ያንኑ ክፍል ይወያይበታል። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ሳያገላብጥ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ለኤልሳት የሚያስፈልገውም ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት ነው።

ክርክርን እንዴት እንመርምር?

የክርክር ምዘናው ክፍል ከ24 እስከ 26 ያህል ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ አንድ ደቂቃ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱ ጥያቄ አጭር አንቀጽና አምስት አማራጮች አሉት። ለመለማመጃ እንዲሆን አማራጮቹን ወደ አራት ዝቅ አድርገን አንድ ምሳሌ እንመልከት፡-

«በአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ ወዲህ የተማሪዎች ውጤት ከፍ ብሏል። ስለዚህ ውጤቱን ከፍ ያደረገው ቤተ መጻሕፍቱ ነው።» ከሚከተሉት ውስጥ ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው?

ሀ. በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት መጻሕፍት አብዛኞቹ አዲስ ናቸው።
ለ. ቤተ መጻሕፍቱ በተከፈተበት ዓመት ትምህርት ቤቱ በአንድ ክፍል የሚማሩትን ተማሪዎች ከ80 ወደ 40 ቀንሷል።
ሐ. የከተማው ሕዝብ በቤተ መጻሕፍቱ ደስተኛ ነው።
መ. ከተማሪዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ቤተ መጻሕፍቱን አይጠቀሙም።

መልሱን ከማየታችን በፊት ክርክሩን እንበትነው። ድምዳሜው «ውጤቱን ከፍ ያደረገው ቤተ መጻሕፍቱ ነው» የሚለው ነው። ማስረጃው ደግሞ «ከተከፈተ ወዲህ ውጤት ከፍ ብሏል» የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል ሳይነገር የታለፈ ግምት አለ፤ ይኸውም በዚያው ጊዜ ውጤትን ሊለውጥ የሚችል ሌላ ምክንያት አልነበረም የሚል ነው። «ለ» የሚመታው ይህንን ግምት ነው። ተማሪዎቹ መምህሩን ይበልጥ የሚያገኙበት ሁኔታ ስለተፈጠረ ለውጤቱ ሌላ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

«ሀ» እና «ሐ» ከጉዳዩ ውጭ መሆናቸው ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የሚያሳስተው «መ» ነው። ቤተ መጻሕፍቱን የሚቃወም ይመስላል። ነገር ግን «አንዳንዶቹ» አለ እንጂ «አብዛኞቹ» አላለም። ጥቂቶች ባይጠቀሙ እንኳ የተጠቀሙት ውጤታቸው ከፍ ብሎ የጠቅላላውን አማካይ ሊያሳድገው ይችላል። እንግዲህ የአንዲት ቃል ልዩነት የሙሉ ነጥብ ልዩነት ሆነ ማለት ነው። ኤልሳት በአብዛኛው የሚፈትነው ይህንን ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ ስትሠሩ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ልማድ አድርጉ፡-

1ኛ/ ጥያቄው የሚፈልገውን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ማዳከም ነው፣ ማጠናከር ነው፣ ጉድለት ማሳየት ነው ወይስ የግድ እውነት የሆነውን መለየት?
2ኛ/ ድምዳሜውን ለዩ። «ስለዚህ» የሚል ቃል ሁልጊዜ አይኖርም፤ ድምዳሜው አንዳንዴ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።
3ኛ/ ማስረጃው ድምዳሜውን ለመሸከም ምን እንደሚጎድለው በራሳችሁ ቃል ተናገሩ።
4ኛ/ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ አማራጮቹ ሂዱ።

ሦስተኛውን ደረጃ የዘለለ ተፈታኝ አማራጮቹ እየመሩት ይሄዳል። አማራጮቹ ደግሞ የተጻፉት በከፊል ለማሳሳት ነው።

«ከሆነ» እና «ካልሆነ በቀር»

በዚህ ክፍል በተደጋጋሚ የሚመጣ ሌላ ነገር ቅድመ ሁኔታ ነው። «የመግቢያ ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አዳራሹ አይገባም» ቢባል ምን እንረዳለን? አዳራሹ ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ ወረቀት እንዳለው በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን። ነገር ግን ወረቀት የያዘ ሁሉ ገብቷል ማለት አንችልም፤ ዘግይቶ የመጣ ወይም በሌላ ምክንያት የተከለከለ ሊኖር ይችላል። ወረቀቱ አስፈላጊ ነው እንጂ ብቻውን በቂ አይደለም።

በአማርኛ ሲነገር ይህ ቀላል ይመስላል። በእንግሊዝኛ «ኢፍ»፣ «ኦንሊ ኢፍ» እና «አንለስ» በሚሉ ቃላት ተጠቅልሎ፣ በረዥም ዓረፍተ ነገር መሐል ተሸጉጦ ሲመጣ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። «ኢፍ» በቂ የሆነውን ሁኔታ ያመለክታል። «ኦንሊ ኢፍ» አስፈላጊ የሆነውን ያመለክታል። ሁለቱን ማምታታት መልሱን መገልበጥ ነው። በየቀኑ አምስት እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን ከጋዜጣ፣ ከኪራይ ውልና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እያወጣችሁ «ይህ ምንን ያስገድዳል? ምንን አያስገድድም?» ብላችሁ ጻፉ። በአንድ ወር ውስጥ ለውጡን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች በዚህ ረገድ የማይናቅ ልምድ አላቸው። ከልጅነታቸው ጀምረው ለወላጆቻቸው የሆስፒታል፣ የኢሚግሬሽንና የቤት ኪራይ ወረቀት እያነበቡ የሚያስረዱት እነርሱ ናቸው። «በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሱ በቀር» የሚለውን መስመር በትክክል አለማንበብ ቤተሰቡን ምን እንደሚያስከፍል ያውቃሉ። ያንን ጥንቃቄ ወደ ፈተናው ይዘው ይግቡ።

አንብቦ መረዳት

ይህ ክፍል አራት የንባብ ምድቦችና ወደ 27 ያህል ጥያቄዎች አሉት። ከአራቱ አንዱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ሁለት አጫጭር ጽሑፎችን የሚያነጻጽር ነው። ጽሑፎቹ ከሕግ፣ ከተፈጥሮ ሳይንስ፣ ከማኅበራዊ ጥናትና ከሥነ ጥበብ የተውጣጡ ናቸው። ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ ዘጠኝ ደቂቃ አይሞላም።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ነው። ይህ ብዙ አይረዳም። የሚያስቸግረው አንድ ከባድ ቃል ሳይሆን የጽሑፉ አካሄድ ነው። ስለዚህ ስታነቡ በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ ቆም ብላችሁ «ጸሐፊው ይህን አንቀጽ ለምን ጻፈው?» በሉ። የሌሎችን አስተያየት እየዘገበ ነው? እየተቃወመ ነው? ማስረጃ እያመጣ ነው? የጸሐፊው አቋም ከሌሎቹ አቋም ጋር ከተምታታባችሁ ግማሹ ጥያቄ ያመልጣችኋል።

ለዚህ ጥሩው መድኃኒት በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ከበድ ያለ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ከየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የሳይንስና የታሪክ መጽሔት ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ገጹን ዝጉና ሐሳቡን በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ለታናሽ ወንድም ወይም እህት አስረዱ። ማስረዳት ካልቻላችሁ ገና አላነበባችሁትም።

የስህተት ደብተር

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። በቨርጂኒያ የምትኖርና በመኪና ማቆሚያ ቤት የምሽት ሥራ የምትሠራ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በሦስት ወር ውስጥ ከ20 በላይ ሙሉ ፈተና ሠርታ ውጤቷ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም ነበር። ፈተናውን ጨርሳ፣ መልሱን አይታ፣ ቁጥሩን መዝግባ ወደ ቀጣዩ ትሄድ ነበር። በኋላ አዲስ ፈተና መሥራቱን አቁማ የሳተቻቸውን ብቻ እየለየች በደብተር ማስፈር ጀመረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩ የሚያሳየው ግልጽ ነበር። አብዛኛው ስህተቷ የታለፈውን ግምት በሚጠይቁ ጥያቄዎች ላይ ሲሆን፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ነበር፡- ከተጠየቀው በላይ የሚናገር ጠንካራ አማራጭ ትመርጥ ነበር። መድኃኒቱ የተገኘው በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። ውጤቷ መንቀሳቀስ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የስህተት ደብተር አሠራር ቀላል ነው። የልምምድ ጊዜው ሲያልቅ መልሱን ቶሎ አትዩ። መጀመሪያ የተጠራጠራችሁባቸውን ጥያቄዎች በሌላ ቀለም እንደገና፣ ያለ ሰዓት ሥሩ። ከዚያ መልሱን አመሳክሩ። በሰዓት ተሳስታችሁ ያለ ሰዓት ካገኛችሁት ችግሩ ጥድፊያ ነው። ሁለት ጊዜም ከተሳሳታችሁ ችግሩ አስተሳሰብ ነው። ሁለቱ የተለያየ ሕክምና ይሻሉ። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ስህተት እነዚህን ጻፉ፡-

- የጥያቄው ዓይነት ምንድን ነው?
- የመረጥኩት ለምን ትክክል መሰለኝ?
- ትክክል ያልሆነው በየትኛው ቃል ምክንያት ነው?
- ትክክለኛውን መልስ ለምን ጣልኩት?
- በሚቀጥለው ጊዜ ምን አደርጋለሁ?

«ሳላስተውል ቀረሁ» የሚል መልስ በደብተሩ ላይ አይጻፍ። እርሱ ምክንያት አይደለም። አንድ ጥያቄ 20 ደቂቃ ቢፈጅ አይቆጫችሁ። በአግባቡ የተመረመሩ አሥር ስህተቶች በጥድፊያ ከተሠሩ አንድ መቶ ጥያቄዎች ይበልጣሉ።

የስድስት ወር ዕቅድ

እየሠራ የሚማር ሰው በሳምንት አሥር ሰዓት ያህል ቢያገኝ ስድስት ወር ተገቢ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳታነቡ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት ሥሩ። ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ የመነሻ ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሰዓት አትያዙ። እያንዳንዱን የጥያቄ ዓይነት ለብቻው ተማሩ፣ ለብቻውም ሥሩ። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር አንድ አንድ ክፍል በ35 ደቂቃ ሥሩ። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ግን ቢያንስ የዚያኑ እጥፍ ጊዜ ለደብተሩ ስጡ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት በሳምንት አንድ ሙሉ ፈተና ይበቃል። ከተቻለ እውነተኛው ፈተና በሚሰጥበት ሰዓት፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ስልክ ተዘግቶ ይሠራ። ፈተናው ከ2019 ወዲህ በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ ልምምዱም በኮምፒዩተር ይሁን።

ለመለማመጃ ቀድሞ በእውነት የተሰጡ ፈተናዎችን ምረጡ። ሌሎች ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ጥያቄ አንዳንዴ የእውነተኛውን ሚዛን አይጠብቅም። ምክር ቤቱ «ሎው ሀብ» በተባለው አገልግሎቱ የተወሰኑ ሙሉ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል። ዓመታዊ ክፍያ ለሚከፍሉ ደግሞ በርካታ ሌሎች አሉ። በነጻ ያገኛችኋቸውን እንደ ስንቅ ቆጥባችሁ ተጠቀሙባቸው፤ በአንድ ሳምንት አትጨርሷቸው።

የገንዘቡ ጉዳይ

የፈተናው መመዝገቢያ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አመልካቾች ግን ከክፍያ ነጻ እንዲሆኑ ለምክር ቤቱ ማመልከት ይችላሉ። ይህ የሚጠየቀው ገንዘብ ከመክፈል በፊት ነው። በኀፍረት ወይም ባለማወቅ የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ መብት ስለሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። የአካል ጉዳት ወይም ሕመም ያለበት ተፈታኝም ተጨማሪ ሰዓትና ሌላ ምቹ ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል።

ውጤት ለምን እንዲህ ያስጨንቃል? በታዋቂዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ከ70,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ የወለድ ብድር ነው። ከሪባ ለመራቅ ለሚጥር ቤተሰብ ይህ ከባድ ፈተና መሆኑን ማንም ይረዳዋል። በ2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሆነ የሕግ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት የሚበደረውን በዓመት በ50,000፣ በጠቅላላው በ200,000 ዶላር ወስኖታል። የቀረውን ከግል አበዳሪ መፈለግ ሊመጣ ነው።

ትምህርት ቤቶች ግን ጥሩ የኮሌጅ ውጤትና ጥሩ የኤልሳት ውጤት ላለው ተማሪ የክፍያ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ሙሉውን የሚሸፍኑም አሉ። ከታዋቂው ትምህርት ቤት በዕዳ ከመግባት ይልቅ፣ መካከለኛ በሆነው ያለ ዕዳ መማር ለብዙዎች የተሻለ ምርጫ ነው። እንግዲህ በደብተሩ ላይ የምታሳልፉት ምሽት ጥቂት ነጥብ ቢጨምር፣ እነዚያ ነጥቦች የአሥር ዓመት ዕዳ ሊያስቀሩ ይችላሉ። የክፍያ ቅናሽ ሲሰጣችሁ ደግሞ ሁኔታውን በጥንቃቄ አንብቡ። አንዳንዱ በመጀመሪያው ዓመት ከተወሰነ ውጤት በታች ከሆናችሁ የሚቋረጥ ነው። እዚህም «ካልሆነ በቀር» የሚለውን መስመር ፈልጉ!

ሳትዘጋጁ «ልሞክረው» ብላችሁ አትግቡ። ፈተናውን መውሰድ የሚቻለው የተወሰነ ጊዜ ነው፤ በጠቅላላው ከሰባት ጊዜ አይበልጥም። ያለፉት አምስት ዓመታት ውጤቶቻችሁም ለትምህርት ቤቶቹ ይታያሉ። ብዙዎቹ ከፍተኛውን እንደሚያስቀድሙ ቢታወቅም፣ ለመሞከሪያ የሚሆነው ቤት ውስጥ የሚሠራው ፈተና ነው። የልምምድ ውጤታችሁ በተከታታይ ሦስትና አራት ጊዜ የምትፈልጉት ዘንድ ሲደርስ ያን ጊዜ ተመዝገቡ። ማመልከቻ የሚቀበሉት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከመስከረም ጀምረው ቀድሞ የመጣውን ቀድመው ስለሚያዩ፣ ፈተናውን በበጋው ወራት መጨረስ ይመረጣል።

ወላጆች ምን ይጠበቅባቸዋል?

ውድ ወላጆች ሆይ! ለዚህ ፈተና ልጃችሁ ከእናንተ የሚፈልገው ትልቁ ስጦታ ገንዘብ አይደለም። ጊዜና ጸጥታ ነው። ቤታችን እንግዳ አይጠፋበትም፤ ይህም በረካ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ለፈተና በተቀመጠችበት ሰዓት ቡና እንድታፈላ፣ ልጁም ዘመድ ከአየር ማረፊያ እንዲያመጣ ከተላከ የ35 ደቂቃው ልምምድ ተቋረጠ ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ምሽትና አንድ ረፋድ ለእርሷ ወይም ለእርሱ ብቻ የተተወ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። በተለይ ሴት ልጆቻችን የቤት ሥራው በእነርሱ ላይ ስለሚበረታ፣ ወንዶች ወንድሞቻቸው ጫናውን ይካፈሉ።

ሁለተኛው ነገር ከሰው ልጅ ጋር አለማነጻጸር ነው። «የእገሌ ልጅ በመጀመሪያው አለፈ» የሚለው ቃል አንድም ነጥብ አይጨምርም። ይልቁንም «ዛሬ ከደብተርህ ምን አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እንግሊዝኛ ባትችሉም እንኳ ልጃችሁ አንዱን ክርክር በአማርኛ ሲያስረዳችሁ ብታዳምጡ አስተማሪ ሆናችሁለት ማለት ነው። ግልጽ ያልሆነላችሁ ቦታ ብዙውን ጊዜ እርሱም ያልገባው ቦታ ነው።

በመጨረሻም ለወጣቶች፡- ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞች ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኙ። እያንዳንዳችሁ ከደብተራችሁ ሁለት ስህተት ይዛችሁ ኑና ለምን እንደተሳሳታችሁ ተከራከሩ። በፈተናው ዋዜማ አዲስ ነገር አታንብቡ፤ በጊዜ ተኙ። በፈተናው ሰዓት አንድ ጥያቄ ከያዛችሁ ገምታችሁ ምልክት አድርጉበትና እለፉ፤ ሌሎቹ ይጠብቋችኋል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩ ያን ቀን እንዴት እንዳነበባችሁ የሚናገር እንጂ ማን እንደሆናችሁ የሚናገር አለመሆኑን አትርሱ። ደብተሩን በየምሽቱ የያዘ ሰው ግን በመዝገብ ቤቱም፣ በፍርድ ቤቱም፣ በራሱ የኪራይ ውል ላይም ከዚህ በኋላ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ሆኗል። ያ ደግሞ ማንም የማይወስድበት ትርፍ ነው።

አላህ ጥረታችሁን ፍሬያማ ያድርገው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።